ሃንድ ምንድን ነው? ኤች አይ ቪ እና የመርሳት ችግር

ኤች አይ ቪ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ሲዲ ፎር (በደም ውስጥ ያለ የተከላካይ ሴል ቁጥር) እና መክሳት ነው፣ ቫይረሱ ግን ሰው በተያዘ በሳምንታት ውስጥ አንጎልም ይገባል። እዛ የሚይዘው ነርቮቹን ሳይሆን አጠገባቸው ያሉትን ተከላካይ ሴሎች ነው፣ እነሱ ሲቆጡ ነርቮቹ ይጎዳሉ። በዚህ ምክንያት የሚመጣው የማስታወስ፣ ትኩረት የመሰብሰብና የመፍጠን ችግር ነው ሃንድ (በእንግሊዝኛ ምህፃሩ HAND) የሚባለው።

በምርመራ ብቻ ከሚታወቀው ጀምሮ ራስን መምራት እስከሚያቅተው ዲሜንሺያ ድረስ ደረጃ አለው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ከባዱ በጣም ቀንሷል፣ ቀለል ያለው ግን ቫይራል ሎዱ (በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን) የወረደለት ሰው ላይም ይታያል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። ሰውየው ክኒኑን ውጦ ይሁን ሳይውጥ አያስታውስም፣ ቀጠሮው ያልፈዋል፣ ቤት ያለው ሰው ደግሞ "አንተ እኮ ለራስህ ግድ የለህም" ይለዋል፣ እሱም አፍሮ ዝም ይላል። ክኒን በተደጋጋሚ ሲዘለል ቫይረሱ ሊነሳ ይችላል፣ ቫይረሱ ሲነሳ አንጎሉ ሊብስበት ይችላል፣ ከዛ የበለጠ ይረሳል። አሁን አገራችን ብዙ ሰው የስድስት ወር መድኃኒት አንዴ ይዞ ስለሚሄድ (ከምልልስ መገላገሉ ጥሩ ነው) በመሃል መርሳት ቢጀምር ክሊኒኩ ቶሎ ላያውቅ ይችላል።

ለመለየት የሚጠቅም አጭር ፈተና አለ። ባለሙያው አራት ቃል ይነግርሃል፣ ውሻ፣ ኮፍያ፣ ባቄላ፣ ቀይ። ከዛ አውራ ጣትና ሌባ ጣትህን ለ5 ሰከንድ በፍጥነት እያገናኘህ ትከፍታለህ፣ ቀጥሎ እጅህን ጠረጴዛ ላይ በጭብጥ፣ በመዳፍ፣ በጎን እያፈራረቅክ ታሳያለህ፣ መጨረሻ ላይ አራቱን ቃላት ትጠየቃለህ። ከ12 ነጥብ 10 እና ከዛ በታች ከመጣ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል እንጂ በሽታው አለብህ ማለት አይደለም፣ ድብርት፣ መጠጥ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያስረሳሉ፣ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ።

እስከዛው የሳምንት የክኒን ሳጥን ያዙ፣ ባዶውን ቀን አይቶ መዋጡን ማወቅ ይቻላል። ስልክ ላይ አላርም፣ የሚታመን አንድ ሰው። ክሊኒኩ ውስጥ ለሚከታተላችሁ ኬዝ ማናጀርም "እየረሳሁ ነው" ብላችሁ በግልፅ ንገሩት። መርሳቱ በድንገት ከመጣ፣ ከትኩሳትና ከኃይለኛ ራስ ምታት ጋር ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ።