ሊኑክስ በሚሠሩ ላፕቶፖች የባትሪን ዕድሜ ማራዘም፦ በአዳማ ሁኔታ የተቃኘ አጠቃላይ ዳሰሳ

የላፕቶፕ ባትሪ ዕድሜ ሲባል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይነሣሉ። አንደኛው ሞልቶ ከሶኬት የተነቀለ ባትሪ ለስንት ሰዓት እንደሚያሠራ ነው፤ ሁለተኛው ባትሪው አርጅቶ ኃይል መያዝ እስኪያቅተው ድረስ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይነገራሉ፤ ነገር ግን ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ በመሆኗ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራውን ነፃ ሥርዓተ ክወና፣ ሊኑክስን፣ ለትምህርትና ለፕሮግራም ሥራ የሚጠቀሙ ወጣቶች ይኖሩባታል። በአቅራቢያዋ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ ከእነርሱ የሚገኘው ኃይል ወደ አገር አቀፉ መረብ የሚገባ በመሆኑ የጣቢያዎቹ ቅርበት ነዋሪውን ከመብራት መጥፋት አላዳነውም። ስለዚህ ተጠቃሚው መብራት ድንገት ቢሄድ እንዳይቸገር በማሰብ ላፕቶፑን ቀኑን ሙሉ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ባትሪውን 100 በመቶ ያቆየዋል። የሊቲየም አዮን ባትሪን በፍጥነት የሚያስረጁት ደግሞ በትክክል እነዚህ ሁለቱ፣ ማለትም ከፍተኛ ሙላትና ሙቀት፣ በአንድነት ሲገኙ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በላይ በሚደርስበት ክፍል ውስጥ ሞልቶ የተሰካ ባትሪ፣ ምንም ሥራ ሳይሠራበት እንኳ፣ አቅሙ ከወር ወር እየቀነሰ ይሄዳል።

ከዚህ አጣብቂኝ መውጫው የላፕቶፑን የኃይል ፍጆታ መቀነስ ነው። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ12 ዋት ፍጆታ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ያሠራል። ፍጆታው ወደ 9 ዋት ቢወርድ ግን 80 በመቶ ብቻ የተሞላው ያው ባትሪ ወደ አራት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። በሌላ አነጋገር፣ 3 ዋት መቆጠብ የቻለ ሰው መብራት በጠፋ ጊዜ የሚያገኘውን ሰዓት ሳያጣ ባትሪውን ከሙላት ማሳረፍ ይችላል። ሊኑክስ በዚህ ረገድ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ነፃነት ሰፊ ነው፤ ሆኖም አምራቾች ላፕቶፖቻቸውን በአብዛኛው ለዊንዶውስ አስተካክለው ስለሚያወጡ፣ በሊኑክስ ላይ አንዳንዱን ማስተካከያ ተጠቃሚው ራሱ ማድረግ ይጠበቅበታል።

ልኬት

ማናቸውም ማስተካከያ ከመደረጉ በፊት ፍጆታው መለካት አለበት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ፓወርቶፕ የተባለ ነፃ መሣሪያ፣ ላፕቶፑ ከቻርጀር በተነቀለበት ሁኔታ ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል በዋት ያሳያል፤ ፕሮሰሰሩን ከእረፍት ደጋግመው የሚቀሰቅሱትን ፕሮግራሞችም በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ምንም ሳይሠራ የተቀመጠ ዘመናዊ ላፕቶፕ ከ10 ዋት በላይ የሚወስድ ከሆነ ወደ እረፍት ያልገባ አንድ የላፕቶፑ ክፍል አለ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። መሣሪያው ሁሉንም የቁጠባ አማራጮች በአንድ ትእዛዝ የማብራት ችሎታ አለው፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ሲበራ በዩኤስቢ የተሰካ ማውስ ለጥቂት ሰከንድ ካልተነካ ሊተኛና እጅ ሲያርፍበት ሊዘገይ ስለሚችል፣ ለልኬት ተጠቅሞበት ለቋሚ ቅንብር ሌላ መሣሪያ መምረጥ ይሻላል።

ለቋሚ ቅንብር የሚያገለግለውና በስፋት የሚታወቀው ቲኤልፒ የተባለው ፕሮግራም ነው። ከተጫነ በኋላ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራና በሶኬት ሲሠራ የተለያየ ቅንብር በራሱ ይቀይራል። ኡቡንቱን የመሳሰሉ ስርጭቶች (የሊኑክስ ልዩ ልዩ ዓይነቶች) ግን ፓወር ፕሮፋይልስ ዴሞን የተባለ ሌላ አገልግሎት በነባሪነት ይዘው ይመጣሉ፤ ፌዶራ የተባለው ስርጭት ደግሞ ከ41ኛው እትሙ ጀምሮ በምትኩ ቲዩንድን ይጠቀማል። እነዚህ አገልግሎቶች የሚነኳቸው ቅንብሮች አንድ ዓይነት በመሆናቸው ቲኤልፒን በላያቸው መጫን አንዱ ያስተካከለውን ሌላው እንዲያፈርስ ያደርጋል። አንዱን መርጦ ሌላውን ማስወገድ ግዴታ ነው።

ኃይሉ የሚሄድበት

የስክሪን ብርሃን ከሁሉ ቀድሞ የሚታይ ፍጆታ ነው፤ በቤት ውስጥ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ብቻውን ብዙ ቅንብር ከመነካካት የበለጠ ውጤት ያስገኛል። ጥቁር ገጽታ መጠቀም የሚጠቅመው ስክሪኑ ኦሌድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራበት ዓይነት፣ ሲሆን ብቻ ነው። በተለመደው ኤልሲዲ ስክሪን የኋላው መብራት ምስሉ ጥቁርም ሆነ ነጭ እኩል ስለሚበራ ምንም የሚቆጠብ ነገር የለም።

ፕሮሰሰሩን በተመለከተ ብዙዎች ፍጥነቱን ከታች አስሮ ማስቀረት ይቆጥባል ብለው ያምናሉ። የዛሬ ፕሮሰሰር ግን አብዛኛውን ቁጠባ የሚያገኘው ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ወደ ጥልቅ እረፍት በመግባት ነው። ከ2007ቱ 2.6.21 እትም ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ሥራ የሌለውን ፕሮሰሰር በየቅጽበቱ መቀስቀስን እየተወ የመጣውም ለዚሁ ነው። በመሆኑም በኢንቴልና በኤኤምዲ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ላይ ፍጥነቱን ለፕሮሰሰሩ ትቶ ወደ ቁጠባ እንዲያዘነብል ማዘዝ ይበቃል። በባትሪ ጊዜ ተርቦን (ፕሮሰሰሩ ለአጭር ጊዜ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን ስልት) ማጥፋት ግን የተለየ ጥቅም አለው፤ ከባድ ሥራ ሲመጣ ፍጆታው ድንገት እንዳይንርና ላፕቶፑ እንዳይግል ያደርጋል፤ በአዳማ ሙቀት ይህ ለባትሪውም እረፍት ነው።

ቪዲዮ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ታምቆ የመጣው ቪዲዮ በግራፊክስ ክፍሉ ሲፈታ ፍጆታው ዝቅተኛ ይሆናል፤ ሥራው ወደ ፕሮሰሰሩ ሲወድቅ ግን ማራገቢያው መጮህ ይጀምራል፤ ባትሪውም በዓይን እያዩት ይወርዳል። ፋየርፎክስ በሊኑክስ ላይ በኢንቴል ግራፊክስ የመፍታት ችሎታውን በነባሪነት ያበራው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 115ኛ እትሙ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ዩቲዩብ በብዛት የሚልከው ቪፒ9 የተባለውን ቅርጸት ሲሆን፣ ከ7ኛው ትውልድ በፊት የነበሩ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን በሃርድዌር፣ ማለትም በግራፊክስ ክፍላቸው፣ ሙሉ በሙሉ መፍታት አይችሉም። ያገለገለ የ4ኛ ወይም የ5ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ገዝቶ ትምህርቱን ከዩቲዩብ የሚከታተል ተማሪ ለምን ባትሪው እንደማይበረክትለት ግራ የሚገባው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኤች264ፋይ የተባለው የብራውዘር ቅጥያ ዩቲዩብ በምትኩ የኤች.264 ቅርጸትን እንዲልክ ያደርጋል፤ ይህን ቅርጸት የቆየው ላፕቶፕም በሃርድዌር ይፈታዋል።

ተጨማሪ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ካርዱ ሳይጠፋ ከቀረ ያለ ሥራ በርካታ ዋት ያባክናሉ። በኡቡንቱ ላይ ወደ ኢንቴሉ ግራፊክስ ብቻ መቀየር የሚያስችል ትእዛዝ አለ፤ ቱሪንግ ከተባለው የኤንቪዲያ ትውልድ ወዲህ የመጡ ካርዶች ደግሞ ትክክለኛው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ሲጫን ሥራ በሌለ ጊዜ በራሳቸው ሊጠፉ ይችላሉ። ብሉቱዝና ዋይፋይን ማጥፋት የሚያስገኘው ቁጠባ ከዚህ አንጻር ጥቂት ነው።

ላፕቶፑ ሲታጠፍ

ላፕቶፑን አጥፎ በቦርሳ ከትቶ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሲደርስ ባትሪው ተሟጦ፣ ላፕቶፑም ግሎ ሊያገኘው ይችላል። ምክንያቱ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ኤስ3 የሚባለውን የቀድሞውን ጥልቅ እንቅልፍ ትተው፣ ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ የማይጠፋበትን ቀላል እንቅልፍ ብቻ የሚደግፉ መሆናቸው ነው። ከርነሉ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚጠቀም ከሲስተሙ ፋይሎች ማየት ይቻላል፤ ሁለቱም ካሉ ጥልቁን መምረጥ ይገባል። ጥልቁ ከሌለ ለረጅም መንገድ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አስተማማኝ ነው። የራሙን (የጊዜያዊ ማስታወሻውን) ይዘት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ላፕቶፑን የሚያጠፋው ሃይበርኔት ሌላው አማራጭ ቢሆንም በዲስኩ ላይ ያን ይዘት የሚችል ስዋፕ የተባለ ቦታ ይፈልጋል፤ ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሣ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ሲበራም በብዙ ስርጭቶች ይታገዳል።

የቻርጅ ገደብ

ባትሪው ለዓመታት እንዲቆይ ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ 80 በመቶ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም ማዘዝ ነው። የቲንክፓድ ላፕቶፖች ይህን ከከርነል 4.17 ጀምሮ በቀጥታ ይደግፋሉ፤ አሱስና ሌሎችም ተከትለዋል። በቲኤልፒ የቅንብር ፋይል ውስጥ መሙላት የሚጀምርበትንና የሚያቆምበትን መጠን፣ ለምሳሌ 75 እና 80 ብሎ መጻፍ ይበቃል። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ግኖም 48 የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ገጽታ ደግሞ ይህንኑ በቅንብሮች መስኮት ውስጥ በአንድ ቁልፍ አስገብቶታል። ለአዳማ ተጠቃሚ የሚመቸው ገደቡን በዘወትር ቀናት ጠብቆ፣ መብራት እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ሲነገር ወይም ለፈተናና ለጉዞ ሲዘጋጅ ለአንድ ቀን ማንሣት ነው፤ ቲኤልፒ ገደቡን ለአንድ ጊዜ ብቻ አልፎ ሙሉ የሚሞላ ትእዛዝ አለው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ

ሊኑክስን የያዘ ፍላሽ ዲስክ ለገዢ ጥሩ የመመርመሪያ መሣሪያ ነው። ሊኑክስን ላፕቶፑ ላይ ሳይጭኑ ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሥቶ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅም፣ አሁን ሲሞላ የሚይዘውን አቅምና የተሞላበትን ዑደት ብዛት እዚያው ሱቁ ውስጥ ማንበብ ይቻላል። 50 ዋት ሰዓት ተብሎ የተሠራው አሁን 30 ብቻ የሚይዝ ከሆነ 60 በመቶ አቅም ቀርቶታል ማለት ነውና ዋጋው ላይ መነጋገር ይቻላል። የዑደት ቁጥሩን አንዳንድ ባትሪዎች ዜሮ ብለው ስለሚያሳዩ በአቅሙ ላይ መመሥረት ይሻላል። የባትሪ መጠቆሚያው 30 በመቶ እያለ በድንገት የሚጠፋ ላፕቶፕ የባትሪው ሕዋስ ደክሟል፤ ቅንብር አያድነውም። የላፕቶፑ የታች ሽፋን ወይም የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ከተነፋ ደግሞ ባትሪው አብጧል ማለት ስለሆነ ቻርጅ ማድረግን ወዲያውኑ ማቆም፣ ሳይጫኑትና ሳይበሱት በባለሙያ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።