የቀጣና ፕላን ምንድን ነው? ከአዲስ አበባ ዳር ሆነን ስናየው

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በምሥራቅ በኩል አያት ላይ ያበቃል። በደቡብ ደግሞ ቃሊቲ ላይ። ከተማው ግን እዚያ አላበቃም። ከአያት ወዲያ የካ አባዶ አለ፣ ቦሌ አራብሳ አለ። ከቃሊቲ ወዲያ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አሉ። ዙሪያውን ደግሞ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። ከእነዚህ ሰፈሮችና ከተሞች ስንቱ ሰው ነው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ወደ መገናኛ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ መርካቶ የሚጎርፈው! ማታ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይመለሳል።

ቤቱ እዚያ፣ ሥራው እዚህ፣ ባቡሩ መሃል መንገድ ላይ የቀረው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ተከትሎ የሄደ ሰው የቀጣና ፕላን ከሚባለው ሐሳብ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ባለሙያዎች እርስ በርሳቸው ሲያወሩ «ሪጅናል ፕላን» ነው የሚሉት።

የቀጣና ፕላን ማለት አንድ ትልቅ ከተማ፣ በዙሪያው ያሉ ትንንሽ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች አንድ ላይ ሆነው የሚያወጡት የረጅም ጊዜ ዕቅድ ነው። አስተዳደራቸው ይለያያል። ከንቲባቸው፣ በጀታቸው፣ ማህተማቸው ለየብቻ ነው። የሚያቅዱት ግን በጋራ የሚነካቸውን ነገር ነው። ቤት የት ይሠራ? የትኛው የእርሻ መሬት አይነካ? ዋናው መንገድና ባቡር በየት ይለፍ? ውሃ ከየት ይምጣ? ቆሻሻ የት ይሂድ? አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት የሚጠቀሙ ተከራዮችን አስቡ። ሁሉም የየራሱ በርና ቁልፍ አለው። የግቢው ፍሳሽ በየት ይውጣ የሚለውን ግን አንዱ ብቻውን ልወስን ቢል ግቢው ሰላም አያድርም።

እዚህ ላይ ቀጣና ስንል ክልል ማለታችን አይደለም። ቀጣናው ሁለትና ሦስት አስተዳደሮችን ሊያቋርጥ ይችላል። እንዲያውም ዋናው ነገሩ ማቋረጡ ነው።

በአገራችን ሕግ ፕላኖች በደረጃ ተቀምጠዋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከላይ አገር አቀፍ ዕቅድ፣ ከሥሩ የክልል፣ ከዚያ የየከተማው ፕላን እንዲኖር ይላል። የከተማው ፕላን ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ከተማውን በሙሉ የሚያየው መዋቅራዊ ፕላን ይባላል፤ ዕድሜው 10 ዓመት ነው። ለአንድ ሰፈር የሚወጣው ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ መልክ አለው። አዲስ አበባ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ ዙሪያዋን ያለው መሬት የኦሮሚያ ክልል ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳለው ይደነግጋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆኑ። እናም ዛሬ አንዱ ከተማ ሌላውን ዙሪያውን ከቦ ተቀምጧል። ሁለት ትልልቅ ከተሞች፣ ሁለት አስተዳደር፣ አንድ የተያያዘ ኑሮ።

ውሃ ወሰን አያውቅም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ቀላል የማይባለው የሚመጣው ከወሰኗ ውጪ ነው፤ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲ፣ ከድሬ ግድቦች። መሃል ከተማ ቧንቧ የሚከፍት ሰው የገፈርሳ ወይም የለገዳዲ ገበሬ ዛፍ ቆረጠ ወይስ ተከለ ብሎ አይጨነቅም። መጨነቅ ግን ነበረበት። ዳገቱ ከተራቆተ ግድቡ በደለል ይሞላል። በሌላ በኩል ከተማዋ የተጠቀመችበት ውሃ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። የቆዳ ፋብሪካውን ዝቃጭ፣ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ይዞ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። አባ ሳሙኤልን ሄዶ ያየ ሰው እምቦጭ የለበሰ አረንጓዴ ሜዳ ነው የሚያየው፤ ውሃ መሆኑን ለማመን ይቸግራል። በዚያው ወንዝ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ጎመኑ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። ከላይ ያለው ካልተጠነቀቀ ከታች ያለው ይታመማል፤ ሕመሙም ዞሮ ከላይ ላለው ይደርሳል።

የቆሻሻው ነገር ይብሳል። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ረጲ ያለው ቆሼ ለ50 ዓመት ገደማ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ ቦታ ነው። ሞልቶ ሲያበቃ ሰንዳፋ አካባቢ፣ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ፣ አዲስ ማስወገጃ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ሽታውንና ወደ ወንዛቸው የሚወርደውን ፍሳሽ አልቻሉትም። ለከብቶቻቸውም ፈሩ። ተቃወሙ፤ ቦታው ወራት ብቻ አገልግሎ ተዘጋ። መኪናዎቹ ተመልሰው ወደ ቆሼ ሄዱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ክምሩ ሥርና ጎን ላይ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ፣ ከቆሻሻው ውስጥ የሚሸጥ ነገር ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው ያለቁት።

ገበሬው ጥፋተኛ ነው አልልም። ቆሻሻው የእሱ አይደለም፤ ካመነጨው ከተማም ያገኘው ጥቅም ይህ ነው የሚባል አይደለም። ከተማዋም ቆሻሻዋን የሆነ ቦታ መጣል ግዴታዋ ነው። የጎደለው ቦታው ሳይመረጥ፣ ዶዘሩ ሳይገባ ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ጠረጴዛ ነው። ምን ዓይነት ማስወገጃ? ማን ይቆጣጠረዋል? ፍሳሹ ቢያመልጥ ማን ይጠየቃል? ለሰንዳፋ ሰው ምን ይመጣለታል፤ መንገድ ነው፣ ክሊኒክ ነው፣ ሥራ ነው? የቀጣና ፕላን ከመንገዱም ከባቡሩም በፊት ይህ ጠረጴዛ ነው።

አሁን ወደ ትራንስፖርቱ እንምጣ። ቦሌ አራብሳ የምትኖር፣ ሜክሲኮ የምትሠራ አንዲት ሴት እንውሰድ። ከኮንዶሚኒየሙ ብሎክ እስከ አስፋልቱ በእግሯ ወይም በባጃጅ ትወጣለች። እዚያ ሰልፍ አለ። ታክሲ ወይም ሃይገር ሲመጣ ትሳፈራለች። አያት ከወረደች ባቡር ታገኛለች፤ ባቡሩ ሜክሲኮ ይደርሳል። ግን ባቡሩም ሞልቷል፤ ካልቻለች ታክሲ ይዛ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ታክሲ። በየተሳፈረችበት ለየብቻ ትከፍላለች። ሂሳቡ ቀስ እያለ ደመወዟን ይበላል። የኪሎ ሜትሩ ርቀት ብቻውን ይህን ያህል አይጎዳትም። የሚጎዳት መቀያየሩና መጠበቁ ነው። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ግማሽ ያህሉን ጉዞ የሚያደርገው በእግሩ ነው። ዳር ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ ግን ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው።

ቤቶቹ እዚያ የተሠሩት መሬት የተገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። የ20/80 እና የ40/60 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ዕድለኛ ለዓመታት ቆጥቦ ቁልፉን ተቀበለ። ብዙው ግን ቁልፍ ይዞ ውሃና መብራት ጠበቀ፤ ከዚያ አውቶቡስ ጠበቀ። በቀጣና ፕላን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ የብዙኃን ትራንስፖርቱ መስመር ይወሰናል፤ ከዚያ ጣቢያው ዙሪያ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቤት፣ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ የሥራ ቦታ ይሠራል። ከጣቢያው እየራቁ ሲሄዱ ግንባታው ይሳሳል፤ እርሻውና ደኑ ይተርፋል። ዘላቂ ዕድገት የሚባለው ነገር እንዲህ ሲሆን የሚጨበጥ ይሆናል፤ ጤፍ የሚያበቅል መሬት ሳይበሉ፣ ሰውንም በየቀኑ መንገድ ላይ ሳያስቀሩ ማደግ።

እዚሁ አካባቢ ያሉ ትልልቅ ሥራዎች ለየብቻቸው ሲታዩ ጥሩ ናቸው። የጅቡቲው ባቡር የመንገደኛ ጣቢያ ፉሪ ለቡ ነው፤ ቀላል ባቡሩ ግን እዚያ አይደርስም። ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ሻንጣውን ይዞ ታክሲ ፍለጋ ይወጣል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ሸጋ አድርጎ ያመጣችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መጨናነቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቦሌ ለሚና ቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ዳር ላይ መሆናቸው አንድ በጎ ነገር ነው፤ ሥራን ወደ ሰው አቅርበዋል። ከፓርኩ እስከ ሠራተኛዋ የኪራይ ክፍል ያለውን መንገድ፣ መብራትና አውቶቡስ አብሮ ማቀድ ግን የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ያዘው? ኮፐንሃገን በ1947 እ.ኤ.አ. የጣቶች ፕላን የሚባለውን አወጣች። መሃል ከተማው መዳፍ ነው፤ አምስት ጣቶች ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። በየጣቱ ላይ የከተማ ባቡር ይሄዳል፤ ቤት የሚሠራው ጣቱን ተከትሎ ነው። በጣቶቹ መሃል ያለው አረንጓዴ መሬት አይነካም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብዙ ካውንቲዎችና ከተሞች ተጠጋግተው ይኖራሉ፤ ሁሉም የየራሱ ምክር ቤት አለው። በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል መንገድ ሕግ አንድ ነገር አለ፦ ከ50,000 በላይ ሕዝብ ያለው የከተማ አካባቢ የፌዴራል የመንገድ ገንዘብ ከፈለገ አካባቢዎቹ ተባብረውና ሳያቋርጡ ማቀድ አለባቸው። ዛሬ እነዚህ የጋራ ተቋማት ቢያንስ 20 ዓመት ወደፊት የሚያይ የትራንስፖርት ዕቅድ ያወጣሉ፤ በየ4 ወይም በየ5 ዓመቱም ያድሱታል። ብልሃቱ ገንዘቡ ላይ ነው። ካልተስማማችሁ ብር የለም። ዕቅዱም አንዴ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም።

እኛም ሞክረናል። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ፕላን በ2006 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ሰው በአጭሩ «ማስተር ፕላኑ» አለው። ከሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተቃውሞ ተነሳ። በ2008 ዓ.ም. እንደገና ገነፈለ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ፕላኑ ተሰረዘ። ዛሬም «የጋራ ፕላን» ሲባል የብዙ ሰው ፊት የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። መሬታችን ይወሰዳል የሚለው ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ከተማው እየሰፋ በመጣ ቁጥር መሬቱን ያጣው ዳር ያለው ገበሬ ነው። በትንሽ ካሳ ተነስቶ፣ በተነሳበት ቦታ ላይ በተሠራው ሕንፃ ዘበኛ የሆነ አባወራ ታሪክ በየአቅጣጫው ይሰማል። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳውን ከፍ አድርጎታል፤ በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ ካለፉት 3 ዓመታት የተሻለው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈል ደንግጓል። መሻሻል ነው። ብር ግን ያልቃል፤ መሬት ለልጅ ይተርፍ ነበር። በእኔ እምነት ገበሬው በመሬቱ ላይ ከሚሠራው ነገር ቋሚ ድርሻ የማያገኝበት የቀጣና ፕላን፣ ካርታው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዳር ካለው ሰው ፊርማ አያገኝም። አይገባውምም።

ያን ፕላን በመሰረዝ ግን መስፋፋቱ አልቆመም። ጨረቃ ቤቱም፣ ሪል ስቴቱም፣ ኮንዶሚኒየሙም ቀጠለ። ልዩነቱ ያለ ጋራ ፕላን መቀጠሉ ነው።

በአንዴ ሁሉን ነገር ማቀናጀት አይቻልም። ከቀላሉ መጀመር ግን ይቻላል። ሁለቱ ከተሞች የሚያውቁት አንድ የጉዞ ጥናት ይኑር፤ ስንት ሰው ከየት ተነስቶ የት ይሄዳል የሚለውን ሳያውቁ አውቶቡስ መግዛት በግምት መሄድ ነው። በሁለቱም ከተሞች አውቶቡስ ላይ የሚሠራ አንድ ትኬት ይኑር። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከለገጣፎ ተነስቶ ወሰን ላይ ሳይቆም መሃል ከተማ የሚገባ፣ የራሱ መስመር የተከለለለት አውቶቡስ ይኑር። የአቃቂን ወንዝ ከምንጩ እስከ አባ ሳሙኤል የሚቆጣጠር አንድ የጋራ ቡድን ይኑር። እነዚህ ማንንም ከመሬቱ ለማፈናቀል አያስገድዱም፤ መተማመን ግን ያመጣሉ።

በ2009 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ዘመን በ2019 ዓ.ም. ያበቃል። የፕላን አዋጁ ፕላን ሲወጣ ሕዝብ ይወያይበት ይላል። ወረዳ ወይም ቀበሌ አዳራሽ ለውይይት ብትጠሩ፣ በየትኛውም ወሰን በኩል ኑሩ፣ ካርታው ላይ ከወሰኑ ወዲያ ያለው ቦታ ነጭ ሆኖ እንደሆነ እዩ። ነጭ ከሆነ እዚያ ያሉት ሰዎች ተጠርተው እንደሆነ ጠይቁ። አውቶቡሱ ከቤቱ በፊት ይመጣል ወይስ በኋላ? ፍሳሹ የማን ወንዝ ይገባል? የሚነሳው ገበሬ ከካሳው ሌላ ምን ድርሻ አለው? መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍርም አሳስቡ።