ፔጅ ቴብል ምንድን ነው? አንድ ከርነል በተለያየ ፕሮሰሰር ላይ ሜሞሪን እንዴት ያስተዳድራል?

ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ኮምፒውተር ላይ እየሠሩ ነው እንበል። ሁለቱም አድራሻ 4194304 ላይ ያለውን ቁጥር ያነባሉ። አንዱ 7 ያገኛል፣ ሌላው 90። ስህተት የለም፤ ግጭትም የለም። ፕሮግራሙ የሚያየው አድራሻ ቨርቹዋል አድራሻ ነው። ራም ላይ ያለው እውነተኛው ቦታ ደግሞ ፊዚካል አድራሻ ይባላል። የትኛው ቨርቹዋል አድራሻ የትኛው ፊዚካል ቦታ ላይ እንደሚያርፍ የሚናገረው መዝገብ ነው ፔጅ ቴብል የሚባለው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አለው።

መዝገቡን የሚጽፈው ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ነው። የሚያነበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ቅርጹን የሚወስነው ከርነሉን የጻፈው ሰው ሳይሆን ፕሮሰሰሩን የነደፈው ነው። እንደ ሊነክስ ያለ ከርነል ደግሞ ኢንቴልም ላይ፣ አርምም ላይ፣ ሪስክ ፋይቭም ላይ መሥራት አለበት። ጉዳዩ የሚከብደውም የሚያምረውም እዚህ ጋ ነው።

እስቲ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ሜሞሪ የሚመዘገበው በባይት ሳይሆን በገጽ፣ ማለትም እኩል መጠን ባላቸው ቁራጮች፣ ነው። ባለ 64 ቢቱ ኤክስ86 (የኢንቴል ፕሮሰሰር ቤተሰብ) ላይ የተለመደው ገጽ 4096 ባይት ነው። በተለመደው አሠራር ከአድራሻው ውስጥ የሚሠራበት 48 ቢት ነው። የመጨረሻዎቹ 12 ቢቶች ገጹ ውስጥ ስንተኛው ባይት እንደሆነ ይናገራሉ። የቀሩት 36 ቢቶች ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው አራት ቦታ ይከፈላሉ። ፕሮሰሰሩ ሲአር3 ከሚባለው ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የመረጃ መያዣ) የላይኛውን ሰንጠረዥ አድራሻ ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቢቶች ከ512 መስመሮች አንዱን ይመርጣል። ያ መስመር ቀጣዩ ሰንጠረዥ የት እንዳለ ይነግረዋል። እንዲህ እያለ አራተኛው ላይ ሲደርስ ገጹን ያገኛል። አንድ መስመር 8 ባይት ነው፤ 512 ሲባዛ በ8 ደግሞ 4096። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ልክ አንድ ገጽ ይሞላል ማለት ነው! እኔ ይህን ሒሳብ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ለምን በደረጃ ተከፋፈለ? ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ ቢጻፍ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ 512 ጊጋባይት መዝገብ ያስፈልግ ነበር። በደረጃ ሲሆን ግን ያልተነካው አካባቢ ሰንጠረዥ ጭራሽ አይሠራለትም።

ወደ ሌሎቹ ስንሄድ ነገሩ ይለያያል። የድሮው ባለ 32 ቢት ኤክስ86 መጀመሪያ ላይ ሁለት ደረጃ ብቻ ነበረው። ባለ 64 ቢቱ ሪስክ ፋይቭ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ደረጃ ሊሆን ይችላል። አዳዲስ የኢንቴል ሰርቨር ፕሮሰሰሮችም አምስተኛ ደረጃ ጨምረው አድራሻውን 57 ቢት አድርሰውታል። ባለ 64 ቢቱ አርም ለፕሮግራሞች አንድ፣ ለከርነሉ ሌላ ሬጅስተር ይዟል። የገጹም መጠን 4፣ 16 ወይም 64 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል። ሚፕስ የሚባለው ፕሮሰሰር ደግሞ በተለምዶ መዝገቡን ራሱ አያነብም፤ የሚፈልገውን ሲያጣ ከርነሉን ይጠራና «አንተው ሙላልኝ» ይለዋል።

ታዲያ ለየአንዳንዱ የተለየ ኮድ ሊጻፍ ነው? አይደለም። የሊነክስ የጋራ ኮድ የተጻፈው ሁሉም ፕሮሰሰር አምስት ደረጃ እንዳለው ተቆጥሮ ነው። ስማቸውም ከላይ ወደ ታች ፒጂዲ፣ ፒ4ዲ፣ ፒዩዲ፣ ፒኤምዲ፣ ፒቲኢ ነው። ሁለት ደረጃ ብቻ ባለው ማሽን ላይ መካከለኞቹ ሦስቱ ይታጠፋሉ። የታጠፈ ደረጃ የተሰጠውን ፖይንተር (አድራሻ ጠቋሚ) መልሶ ከመስጠት በቀር የሚሠራው ነገር የለም፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ያጠፋዋል። ኤክስ86 እና ሪስክ ፋይቭ ላይ ደግሞ ስንት ደረጃ እንደሚያስፈልግ ከርነሉ ሲነሳ ሊወሰን ይችላል። አራተኛው ደረጃ የገባው በ2005 ነው፣ አምስተኛው በ2017። በእኔ እይታ ከሊነክስ ምርጥ ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው።

የደረጃው ቁጥር ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ፕሮሰሰሩ በየጊዜው መዝገቡን ከላይ እስከ ታች እንዳያነብ ያገኘውን መልስ ቲኤልቢ በሚባል ትንሽ ማስታወሻ ይይዛል። ከርነሉ መዝገቡን ሲቀይር ያ ማስታወሻ ወዲያው አያውቅም። አሮጌው መልስ ካልተሰረዘ አንድ ፕሮግራም ለሌላ በተሰጠ ገጽ ላይ ሊጽፍ ይችላል፤ ይህ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ነው። ኤክስ86 ላይ ከርነሉ በተለምዶ ለሌሎቹ ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ኢንተራፕት፣ ማለትም ሥራ አቋራጭ ምልክት፣ እየላከ «ያንን ሰርዙ» ይላል። ባለ 64 ቢቱ አርም ላይ ግን አንድ ትእዛዝ ራሱ ለሁሉም ኮር ይደርሳል። የጋራው ኮድ የሚጠራው ፈንክሽን አንድ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሥራ ግን አይገናኝም።

ልዩነቱ ፕሮግራመሩን ራሱን የሚያጠምድበት ቦታም አለ፤ ኬማፕ ይባላል። ባለ 32 ቢት ኤክስ86 ላይ ከርነሉ በተለመደው አከፋፈል የሚደርሰው 1 ጊጋባይት የአድራሻ ቦታ ነው። ከራሙ በቀጥታና በቋሚነት የሚያየውም 896 ሜጋባይት ያህሉን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሃይሜም ይባላል። ከርነሉ እዚያ ያለ ገጽ መንካት ሲፈልግ በኬማፕ ለጊዜው አድራሻ ይሰጠዋል፤ ሲጨርስ ይፈታዋል። ቦታው ውስን ነው። ሳይፈቱ መተው ሲደጋገም ቦታው ያልቅና ቀጣዩ ጠያቂ ይቆማል።

ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ግን ራሙ በሙሉ ከርነሉ ጋር በቋሚነት ተያይዟል። ኬማፕ አድራሻውን አስልቶ ይመልሳል እንጂ ምንም አያስርም። መፍታቱን የረሳ ሰው ምንም አይታየውም። ኮዱ ያለምንም ችግር ይሄዳል፣ ፈተናውንም ያልፋል፤ ባለ 32 ቢት ማሽን ላይ ሲደርስ ጉዱ ይፈላል። በ2021 የመጣው አዲሱ ኬማፕ ሎካል ደንቡን ጠበቅ አድርጓል። ገጹን ያሰረው ሂደት (ታስክ) ብቻ ይጠቀምበታል፣ ብዙ ከታሰረ ደግሞ የመጨረሻው መጀመሪያ ይፈታል። ባለ 64 ቢት ማሽን ላይም ጊዜያዊ ማሰሪያውን በግድ የሚያሠራ የማረሚያ አማራጭ አብሮት አለ። የከርነል ኮድ የሚጽፍ ሰው ያንን ከፍቶ ቢሞክር የረሳው መፍቻ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይያዛል።