በርሊን፣ ጆሮ ጠቢ የበዛባት ከተማ

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ስለላ ከተነሳ በርሊንን የሚያህል ከተማ አልነበረም። ምክንያቱ ካርታው ላይ ይታያል። ጀርመን በ1945 ስትሸነፍ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ዋና ከተማዋን ለአራት ተካፈሏት። ምዕራብ በርሊን ዙሪያዋን በሶቪየት ይዞታ ተከብባ ቀረች። ምዕራባውያኑ ከዚያ ሆነው የጠላትን ጓዳ ማየት ቻሉ። ለሶቪየቶች ግን ባላንጣ መጥቶ ጓሯቸው ውስጥ የሰፈረ ያህል ነበር።

ምሥራቅና ምዕራብ በርሊንን የለየው ግንብ በ1961 እስኪሠራ ድረስ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መሻገር ቀላል ነበር። የከተማ ባቡር መሳፈር ይበቃል። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ በዳሌም፣ የሶቪየቱ ኬጂቢ በካርልስሆርስት፣ ሁለቱም እዚያው ከተማ ውስጥ ቢሮ ነበራቸው። ከምሥራቅ የሚሸሹ ሰዎች ምዕራብ በርሊን ያለው ማሪየንፌልደ መጠለያ ሲደርሱ የምዕራብ የስለላ መኮንኖች ይጠይቋቸዋል። የት ትሠራ ነበር? ሰፈርህ አጠገብ የጦር ካምፕ አለ? ከስደተኛው ጋር ሰላይም ተቀላቅሎ ይገባል። በ1954 ደግሞ የምዕራብ ጀርመን የአገር ውስጥ ደህንነት ኃላፊ ኦቶ ዮን ከምዕራብ በርሊን ጠፍቶ ምሥራቅ ተገኘ። ወዶ ሄደ ወይስ ታፍኖ ተወሰደ የሚለው ክርክር እስኪሞት ድረስ አልለቀቀውም።

ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ዋሻው ነው። በ1954 አሜሪካኖችና እንግሊዞች ከምዕራብ በርሊኑ ሩዶው ሰፈር ተነስተው ከመሬት በታች ወደ ምሥራቅ መቆፈር ጀመሩ። ላዩ ላይ ለሽፋን የራዳር ጣቢያ የሚመስል ሕንፃ ነበር። 450 ሜትር ያህል ቆፍረው የሶቪየት ጦር የሚነጋገርባቸው የስልክ ገመዶች ጋ ደረሱና የራሳቸውን መስመር ቀጠሉባቸው። ክረምት ሲመጣ ሌላ ጭንቀት ተከተለ። የዋሻው ሙቀት ከላይ የተኛውን በረዶ በመስመር ቢያቀልጠው የምሥራቅ ዘበኞች ያዩታል። ስለዚህ ውስጡን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ተከሉ። እንዲህ ተጠንቅቀው ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አዳመጡ።

ነገሩ ግን ገና ሲታቀድ ተነቅቶበት ነበር። ዕቅዱ ሲመከርበት ቃለ ጉባኤ የያዘው የእንግሊዝ የስለላ መኮንን ጆርጅ ብሌክ ነው። ብሌክ በኮሪያ ጦርነት ተማርኮ ሳለ ለሶቪየቶች ለመሥራት የተስማማ ሰው ነበር። ሰምቶ ነገራቸው። ኬጂቢ ግን ዋሻውን ወዲያው አላስቆመም፤ ቢያስቆም ብሌክ ይጋለጥበታልና። የገዛ ጦሩ ወሬ በጠላት ሲደመጥ እያወቀ ዝም አለ። ስለላ ምን ያህል ጨካኝ ሥራ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። በኤፕሪል 1956 ከባድ ዝናብ ገመዶቹን ሲያበላሽ፣ በጥገና ሰበብ ዋሻው ድንገት እንደተገኘ ተደረገ። ብሌክ በ1961 ተይዞ 42 ዓመት ተፈረደበት። በ1966 ከለንደን እስር ቤት አምልጦ በመኪና ተደብቆ ምሥራቅ ጀርመን ገባ። በ2020 ሞስኮ ውስጥ አረፈ።

የተያዙ ሰላዮች የሚለወጡበት ቦታም ነበር። በርሊንን ከፖትስዳም የሚያገናኘው የግሊኒከ ድልድይ ነው። በፌብሩዋሪ 1962፣ ቀደም ሲል ሶቪየት ላይ የተመታው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን አብራሪ ጋሪ ፓወርስ ከአንድ ጫፍ፣ ኒው ዮርክ የተያዘው የሶቪየት ሰላይ ሩዶልፍ አቤል ከሌላው ጫፍ ተነስተው ተላለፉ። በ1985 ደግሞ 23 የምዕራብ ሰዎች በ4 የምሥራቅ ሰዎች ተለወጡ። ልውውጡ ዛሬም አልቀረም። በ2019 በርሊን መናፈሻ ውስጥ ሰው የገደለ ሩሲያዊ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። ፍርድ ቤቱ ግድያው በሩሲያ መንግሥት ትእዛዝ የተፈጸመ ነው ብሏል። በ2024 ግን በእስረኞች ልውውጥ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ድልድዩም ዋሻውም ስመ ጥር ናቸው። የከተማዋን ሕዝብ ያቆሰለው ግን የውጭ ሰላይ አይደለም። የጎረቤት ጆሮ ነው።

ሽታዚ የሚባለው የምሥራቅ ጀርመን የደህንነት ሚኒስቴር በ1950 ተቋቋመ። ኤሪክ ሚልከ ከ1957 እስከ 1989 መራው። በመጨረሻው ዓመት 91,000 ያህል ቋሚ ሠራተኞች ነበሩት። በዚያ ላይ 189,000 ገደማ ጆሮ ጠቢዎች አሉ። የሕዝቡ ቁጥር ከ16 ሚሊዮን ብዙም ስለማይበልጥ፣ ከ60 ሰው አንዱ ለሽታዚ ይሠራ ነበር ማለት ነው። የሥራ ባልደረባ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ የልጅነት ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ሽታዚ የሰው ጠረን ሳይቀር ያስቀምጥ ነበር። ተጠርጣሪው የተቀመጠበትን ጨርቅ በብርጭቆ ማሰሮ ከድኖ፣ አንድ ቀን ውሻ አሽትቶ እንዲለየው ያቆየዋል።

ይህ መሥሪያ ቤት ለእኛም ሩቅ አልነበረም። በደርግ ዘመን ለኢትዮጵያ የደህንነት መሥሪያ ቤት ሥልጠናና ቁሳቁስ ይሰጥ ነበር። ጆሮ ጠቢ የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከኑሮ የተማሩ ወላጆች ያሉን ሰዎች የበርሊንን ታሪክ ስናነብ የማናውቀው አገር አይመስለንም።

ግንቡ በኖቬምበር 1989 ሲወድቅ የሽታዚ ሰዎች ፋይል መቅደድ ጀመሩ። የመቅደጃ ማሽኑ አልበቃ ብሎ በእጃቸው ይቀዳድዱ ነበር። በጃንዋሪ 15 ቀን 1990 ሕዝቡ ኖርማነንሽትራሰ የሚገኘውን ዋና መሥሪያ ቤት ጥሶ ገባ። ከጥፋት የተረፈው ፋይል ቢደረደር 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ከዚያ የተደረገው ነገር ትልቅ ነው እላለሁ። በ1991 መጨረሻ ሕግ ወጣ፤ ከ1992 ጀምሮ የተሰለለ ሰው ሁሉ ስለራሱ የተጻፈውን የማንበብ መብት አገኘ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማመልከቻዎች ገቡ። አንዲት የታወቀች የተቃዋሚ ታጋይ "ዶናልድ" በሚል የምስጢር ስም ለዓመታት ሲጠቁምባት የኖረው የገዛ ባሏ ሆኖ አገኘችው። የልጆቿ አባት ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ፋይሉን አላየም። ማወቁን ፈርቶ ተወው፤ ይህም መብቱ ነው።

በእጅ የተቀደደው ወረቀት ወደ 16,000 ጆንያ ሞልቶ ነበር። ከ1995 ጀምሮ ሠራተኞች ብጥስጣሹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ የወረቀቱን ቀለምና የተቀደደውን ጠርዝ ቅርጽ እያስተያዩ መግጠም ያዙ። ኮምፒውተር እንዲያግዛቸው ተሞክሮ እንደታሰበው አልሄደም። አብዛኛው ጆንያ እስካሁን አልተገጠመም።