ኦራቶሪዮ ምንድን ነው?

ኦፔራን አስቡት። ከዚያ አልባሳቱን፣ የመድረክ ጌጡንና ትወናውን ቀንሱ። ዘማሪዎቹ ቆመው ይዘምሩ፣ ታሪኩም አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይሁን። ኦራቶሪዮ ይኸው ነው። ብቸኛ ድምፃውያን፣ ኳየርና ኦርኬስትራ አሉት፤ ቅዳሴ ግን አይደለም።

ስሙ ከሮም የመጣ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፊሊፖ ኔሪ የሚባል ካህን ምእመናንን በጸሎት አዳራሽ ይሰበስብ ነበር። ጸሎት አለ፣ ስብከት አለ፣ መዝሙርም አለ። አዳራሹ በጣልያንኛ «ኦራቶሪዮ» ይባላል። ውሎ አድሮ ስሙ ከቤቱ ወደ ሙዚቃው ተሻገረ።

ታዲያ ትያትር ቤት ምን አስገባው? ጾም! በጣልያን በዐቢይ ጾም ኦፔራ ቤቶች ይዘጉ ነበር። ለንደን ውስጥ ደግሞ በዚያው ጾም ረቡዕና ዓርብ ተውኔት ማሳየት ክልክል ነበር። (ረቡዕና ዓርብ! ለእኛ ማን ይነግረናል።) አዳራሹ ባዶ፣ ሰዉም ሥራ ፈት። መንፈሳዊ ታሪክ ያለ ትወና ቢቀርብ ግን ማን ይከለክላል?

ይህችን ቀዳዳ አሳምሮ የተጠቀመባት ጆርጅ ፍሬድሪክ ሃንደል ነው። ጀርመን ተወልዶ ለንደን የኖረ ሰው ነው፤ ሙዚቀኛም ነጋዴም። በጣልያንኛ የሚዘፈነው ኦፔራው ገበያው ቀዝቅዞበት ነበር። ኦራቶሪዮ ወጪው ቀለል ይላል፣ ግጥሙም ሰዉ በሚሰማው እንግሊዝኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1741 «መሲሕ» የተባለውን ኦራቶሪዮ በ24 ቀን ጽፎ ጨረሰ። መጀመሪያ የተሰማው በ1742 ደብሊን ውስጥ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ፣ ለበጎ አድራጎት። ቦታ እንዳይጠብ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን የሚነፋውን ቀለበት፣ ወንዶቹም ሰይፋቸውን ቤት ትተው እንዲመጡ በጋዜጣ ተለመኑ። 700 ያህል ሰው ገባ። ከገቢው በተከፈለ ዕዳ 142 ባለዕዳ እስረኞች ተፈቱ።

ለንደን ላይ ግን ነገሩ አልጣመም። በ1743 ኮቨንት ጋርደን ትያትር ቤት ሊቀርብ ሲል «የእግዚአብሔር ቃል ትያትር ቤት ምን ይሠራል?» የሚል ክርክር ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሃንደል ማስታወቂያው ላይ «መሲሕ» የሚለውን ስም ዘለለና «አዲስ መንፈሳዊ ኦራቶሪዮ» ብሎ አለፈው። ብልጥ ነው። ሥራው የከተማው ተወዳጅ የሆነው ከ1750 ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ገቢ ማሰባሰቢያ በየዓመቱ ይቀርብ ጀመር። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከማንኛውም የሃይማኖት ክርክር በላይ የሰዉን ልብ ያለዘበው ይህ ነው። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ይታያላ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖታው መጽሐፍ ዋጋው ረከሰ። ያኔ የሰሜን እንግሊዝ ፋብሪካ ሠራተኞች ማታ ማታ ተሰብስበው ያጠኑት ጀመር። ተመልካች የነበረው ሰው ራሱ ዘማሪ ሆነ።

ዛሬ «መሲሕ» በብዙ አገር የገና ሙዚቃ ነው። ሃንደል ግን የሚያቀርበው በአብዛኛው በዐቢይ ጾምና በፋሲካ ሰሞን ነበር። «ሃሌ ሉያ» የተባለው ታዋቂ መዝሙሩም ከልደቱ ክፍል አይደለም፤ ከስቅለቱና ከትንሣኤው በኋላ ነው የሚመጣው፣ መለከትና ነጋሪት ይዞ። በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል ዝም ሲሉ ለለመደ የእኛ ሰው፣ በጾም ነጋሪት መስማት ትንሽ ሳያስደነግጠው አይቀርም።