ላይአፕ ምንድን ነው? “ስንት ላየር?” ለሚሉ ሁሉ

የተራራ ብስክሌት ፍሬም በካርቦን ፋይበር እቤቴ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ “ስንት ላየር (ንብርብር) ላድርግ?” የሚል ነው። መላሹም አይቸገርም። አንዱ ሰባት ይላል፤ ሌላው ለተራራ ከሆነ አሥር አድርገውና ልብህ ይረፍ ይላል። ሰሞኑን ደግሞ ብዙ ተመልካች ያለው አንድ ወንድማችን፣ ላይአፕ ማለት ጨርቁ ስንት ጊዜ እንደተጠቀለለ ነው፤ ካርቦን ከብረት አምስት እጥፍ ስለሚጠነክር የብረቱን ውፍረት ለአምስት ማካፈል ነው ብሎ በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ ሰማሁ። ሥራዬ የአውሮፕላን ኮምፖዚት (በሙጫ የተያያዘ ክር) ጥገና ነው። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

ላይአፕ እያንዳንዱ ንብርብር ክሩ ወዴት እንደሚያመለክት፣ የትኛው ከየትኛው በላይ እንደሚተኛ፣ ከየት ተነስቶ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስን ዕቅድ ነው። የላየሩ ብዛት ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ተቆጥሮ የሚገኝ ነገር ነው። ሁለት ፍሬሞች እኩል አሥር ላየር፣ እኩል ክብደት፣ ከአንድ ጥቅል የተቆረጠ ካርቦን ሊኖራቸው ይችላል፤ አንደኛው ዓመታት ሲያገለግል ሁለተኛው የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ በቁመቱ ይሰነጠቃል።

ምክንያቱም የካርቦን ክር ጉልበቱ በርዝመቱ ብቻ ነው። ክሩ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ተኝቶ በኢፖክሲ ሙጫ የተያዘ ተራ ካርቦን ውሰዱ። በክሩ አቅጣጫ ብትስቡት ግትርነቱ፣ ማለትም አልለጠጥም ማለቱ፣ ወደ 135 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ ነው) ይደርሳል፤ በአግድሙ ብትስቡት ወደ 9 ይወርዳል። በርዝመቱ እስኪበጠስ ከ2,000 ሜጋፓስካል በላይ ይችላል፤ በአግድሙ 70 አካባቢ ላይ ይለያያል። በአግድሙ የሚሸከመው ሙጫው ነውና። ወንድማችን “ከብረት አምስት እጥፍ” ያለው ነገር የደረቀ ነጠላ ክር በርዝመቱ ሲሳብ የሚገኝ ቁጥር ነው። በደረቅ ነጠላ ክር ላይ ተቀምጦ የሚጋልብ ሰው ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

አሁን አቅጣጫው ትንሽ ይዛነፍ። ክሩ ከሚጎተትበት መስመር 10 ዲግሪ ቢያፈነግጥ 135 የነበረው ወደ 78 ይወርዳል። 15 ዲግሪ ሲሆን 52 አካባቢ ነው፤ ያ ከአሉሚኒየም 70 ያንሳል። 45 ላይ 13 ገደማ ይቀራል። (ይህ ክሩ ብቻውን፣ በሌላ አቅጣጫ የሚያግዘው ላየር ሳይኖር የተሰላ ነው፤ ሌሎቹ ሲያግዙት ውድቀቱ ይለዝባል።) 10 ዲግሪ ማለት እኮ በእጅ ጓንት፣ ሬዚኑ (ሙጫው) ሳይደርቅብኝ ብሎ የሚጣደፍ ሰው ሳያውቀው የሚያዛንፈው ነው። እኛ ጋ ጥገና ሲሠራ የእያንዳንዱ ላየር አቅጣጫ በወረቀት ላይ ተጽፎ፣ በማዕዘን መለኪያ ተረጋግጦ፣ ሌላ ሰው አይቶት ይፈረምበታል። ለብስክሌት እንዲህ አድርጉ አልልም፤ ቢያንስ መስመር በነጭ እርሳስ አስምሩ።

ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ቋሚው ጣሪያውን ይሸከማል፤ ማገሩ ቋሚዎቹን አያይዞ ወዲያና ወዲህ እንዳይሉ ይገታል፤ ጭቃው ሁሉንም ባሉበት ያጸናል። ካርቦኑ እንጨቱ ነው፤ ሬዚኑ ጭቃው። ማገር የሌለውን ግድግዳ ቋሚ በመደርደር ማዳን አይቻልም፤ መቶ ቋሚ ብታቆሙለትም ከጎን የመጣ ግፊት ያዘመዋል። “ስንት ላየር?” ማለት “ስንት እንጨት ገዛህ?” ብሎ ስለ ቤቱ ጥንካሬ መፍረድ ነው። ጭቃ ስላበዛንበትም ግድግዳ አይጠነክርም፤ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሬዚንም እንደዚያው። በደንብ የተሠራ ካርቦን ከይዘቱ 60 በመቶ ያህል ክር ነው፤ በብሩሽ ተቀብቶ ያለ ግፊት የደረቀ ግን ከግማሽ በላዩ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ምርጊቱ በማገሮቹ መሃል ሳይገባ ባዶ ቦታ ቢተው ከውጭ አይታይም፤ በኋላ ግን ግድግዳው መፍረስ ከዚያ ይጀምራል። ያ ሁሉ ሰው የሚያፈቅረው፣ የሚያብረቀርቀው የተሸመነ ካርቦን ደግሞ በብዙ የፋብሪካ ፍሬም ላይ ልስን ነው። ሸክሙን የያዘው ከሥሩ ያለው፣ ሽመና የሌለው ካርቦን ነው። ቤት ሊገዛ መጥቶ ልስኑን ዳብሶ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል? አንድ ቦታ ላይ ግን ምሳሌው አይሄድልኝም፦ ጭቃ ቤት ሲያረጅ ያዘማል፣ ይላላል፣ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። ካርቦን ታጥፎ ወይም ጎብጦ አይቀርም፤ እስከ መጨረሻው ደህና መስሎ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይሄዳል።

ወደ ፍሬሙ እንምጣ። ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ወፍራም ቱቦ፣ ታችኛውን ቱቦ፣ ውሰዱ። ጋላቢው ቆሞ ፔዳል ሲመታ ይህ ቱቦ ከመታጠፍ ይልቅ ይጠመዘዛል። ጥምዘዛን የሚመክተው በ45 ዲግሪ ግራና ቀኝ ሰያፍ የተጠቀለለ ክር ነው። ጀማሪው ግን የተሸመነውን ጨርቅ ከጥቅሉ እንደወጣ፣ አንዱን ክር በቱቦው ርዝመት ሌላውን በዙሪያው አድርጎ ያለብሰዋል። ያምራል፤ መስመሩም ቀጥ ይላል። ያው ጨርቅ፣ ያው የላየር ብዛት፣ ያው ክብደት ሆኖ 45 ዲግሪ ዞሮ ቢለበስ ግን ጥምዘዛን የመቋቋም አቅሙ ስድስት ሰባት እጥፍ ይሆናል። ስድስት ሰባት እጥፍ! አንድ ላየር ሳይጨመር። ከዚህ በኋላ ስለ ላየር ብዛት የሚከራከረኝ ሰው መጀመሪያ ይህን ያስረዳኝ።

ሁሉንም አቅጣጫ እኩል ላድርግና ልገላገል የሚሉም አሉ። ይቻላል፤ በሙያው “ጥቁር አሉሚኒየም” እያልን የምናሾፍበት እሱ ነው። በ0፣ በ45 ግራና ቀኝ፣ በ90 እኩል ብታደርጉት ግትርነቱ 50 ጊጋፓስካል አካባቢ ይሆናል፤ አሉሚኒየም 70 ነው። ካርቦኑ ቀላል ስለሆነ በክብደት ሲካፈል አሁንም ትንሽ ይበልጣል፤ ግን ያ ሁሉ ገንዘብና የካርቦን አቧራ ማሳከክ ለዚህች ትንሽ ብልጫ ከሆነ የአሉሚኒየም ፍሬም ግዙ። የካርቦን ጥቅሙ ሸክም ባለበት አቅጣጫ ክር አብዝቶ፣ በሌለበት መቀነስ መቻሉ ላይ ነው።

ሁለተኛው በሽታ የክሩን ዓይነት ቁጥር ጠርቶ “ቲ1000 ነው” ማለት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬሙ ይገትራል ብለው ያምናሉ። የክር አምራቹ የቶሬይ ቲ800ኤስ እና ቲ1000ጂ ግትርነታቸው እኩል 294 ጊጋፓስካል ነው፤ የሚለያዩት እስኪበጠሱ በሚችሉት ኃይል ነው። ግትርነት የፈለገ ሰው የሚሄደው ወደ ኤም ቤተሰብ ነው፤ ኤም60ጄ 588 ይደርሳል። ነገር ግን ጥንካሬው ከርካሹ ቲ700 ያንሳል፤ ድንጋይ ሲመታውም አይወድም። ተራራ ላይ ደግሞ ድንጋይ አይጠፋም። እቤቱ ለሚሠራ ሰው ቲ700 ከበቂ በላይ ነው፤ የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ ኢፖክሲ ይግዛበት።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም እጅ ያበላሸዋል። የተለመደው የቤት አሠራር ፎም ቀርጾ፣ በሬዚን የራሰ ካርቦን ጠቅልሎ፣ ከላይ በፕላስቲክ ቴፕ ወይም በቫኪዩም ከረጢት (አየሩ በፓምፕ በሚወጣለት) ማጥበቅ ነው። ችግሩ ያለው ማጥበቁ ላይ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲጫን የቱቦው ዙሪያ ይቀንሳል፤ ክሩ ግን አያጥርም። ትርፉ የት ይሂድ? ይጨማደዳል። እያንዳንዷ ሽብሽብ ክሩ ከመስመሩ የወጣባት ቦታ ናት፤ ከላይ የጠቀስኳትን 10 ዲግሪ አስታውሱ። ፋብሪካዎች ከውስጥ በሚነፋ ፊኛ ካርቦኑን ወደ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) ግድግዳ የሚገፉት አንድም ለዚህ ነው፤ ሲገፋ ክሩ ይወጠራል። ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ጉሮሮ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ የተወጠረው ክር ጥጉ ውስጥ ገብቶ ሳይጣበቅ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይዘልና ከሥሩ የአየር ኪስ ይተዋል። ስለዚህ ጉሮሮው አስቀድሞ በኢፖክሲና በተፈጨ ክር ሊጥ ተሞልቶ ይለዝብ፤ በላዩ የሚለበሱት ቁራጮች ጠባብ ይሁኑ፤ ጫፎቻቸውም አንድ መስመር ላይ አይቁሙ፣ በደረጃ ይለቁ። ሁሉም ቁራጭ አንድ ቦታ ላይ ካበቃ ፍሬሙም እዚያው ያበቃል። የብስክሌት አምራቹ ትሬክ እ.ኤ.አ. በ1992 የካርቦን ፍሬሞቹን ለገበያ ሲያወጣ አሠራሩን ኦሲኤልቪ ብሎ ያስተዋወቀው በደንብ የተጠቀጠቀና የአየር ኪሱ ያነሰ መሆኑን እየነገረ ነው። የላየር ቁጥር አልጠራም።

ካነሳሁት አይቀር ስለ ቫኪዩም አንድ ነገር ልጨምር፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን በሥራዬ የማላልፈው ነገር ነው። የቫኪዩም ከረጢት ራሱ አይጫንም፤ የሚጫነው ከውጭ ያለው አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያ 101 ኪሎፓስካል ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,350 ሜትር አካባቢ፣ 76 ገደማ ነው። ፓምፑ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ ሩቡ ግፊት የለም። ከውጭ የተገኘ መመሪያ ላይ የሚታየውን የሬዚን መጠን እንዳለ ገልብጦ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሰው ሙጫ የበዛበት ፍሬም ቢያገኝ አይግረመው። ትርፉን ሬዚን ከረጢቱ ከመዘጋቱ በፊት በላስቲክ መጥረጊያ ማውጣት ነው።

ሙቀትም አለ። በክፍል ሙቀት የሚደርቅ ኢፖክሲ ተጨማሪ ካልተጋገረ 50 እና 60 ዲግሪ መካከል መለስለስ ይጀምራል። ጥቁር ፍሬም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ክሩ ምንም አይሆንም፤ ክሩን በመስመሩ የያዘው ነው የሚለቀው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮው ላይ የቆመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በአደጋ ጊዜ የቦታ ጠቋሚ መሣሪያው ባትሪ ምክንያት እሳት ሲነሳበት፣ በጣሪያው በኩል ቀስ እያለ ለእሳቱ ነዳጅ የሆነው የኮምፖዚቱ ሬዚን ነበር። አውሮፕላኑ ተጠግኖ በዚያው ዓመት ወደ በረራ ተመልሷል። እሳትና ፀሐይ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚሸነፈው የትኛው እንደሆነ እንድታዩት ነው።

የፔዳሉ ዘንግ ቤት ላይ የሚገባውን የአሉሚኒየም ቀለበት በቀጥታ ካርቦን ላይ አትለጥፉ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ላብና ዝናብ ሲጨመርበት አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ከዚያ ማጣበቂያው ይለቃል። በመሃል አንድ ስስ የመስታወት ክር ላየር ይግባ። 787 ላይ ካርቦን በሚነካባቸው ብዙ ቦታዎች ቲታኒየም የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። እነሆ፣ ይህቺ አንዷ ላየር ለጥንካሬ ምንም አትጨምርም፤ ቆጣሪዎቹ ግን “አንድ” ብለው ይቆጥሯታል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? “ታችኛው ቱቦ ላይ ሰያፍና ቁም ክርህ ስንት ስንት ነው?” “ጉሮሮው ላይ ቁራጮቹ የት የት ያልቃሉ?” “ምን አድርገህ ጫንከው?” እነዚህን የመለሰልኝን ሰው ፍሬም ቆሜ አየዋለሁ። ብዛት ብቻ የነገረኝን አመሰግነዋለሁ፣ አልጋልብበትም።

ፍሬሙን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ በዚያው ካርቦን፣ በዚያው ሬዚን፣ በዚያው ቅደም ተከተል አንድ ክንድ የሚሆን ቱቦ ሥሩና በመጋዝ ለሁለት ቁረጡት። መቁረጫ ሲሠራ አፍንጫችሁን በጥሩ ጭምብል ሸፍኑ፤ አቧራው ሳንባ አይምርም። የተቆረጠውን ፊት በውኃ አሸዋ ወረቀት አለስልሳችሁ በስልክ ካሜራ አጉሉት። ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ የአየር ኪስ ነው፤ ሞገድ የሚመስል መስመር ሽብሽብ ነው፤ በላየሮች መሃል ወፍራም የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ሳትጠርጉት የቀረ ሬዚን ነው። ሌላውን ግማሽ በማሰሪያ ይዛችሁ እስኪሰበር አጣምሙት። በቁመቱ ተከፍሎ ከተላጠ ሰያፉ አንሷል፤ ዕቅዱን ቀይራችሁ ሌላ ቱቦ ሥሩ። ለተራራ ብስክሌት ፍሬም አይኤስኦ 4210 የተባለው ዓለም አቀፍ የብስክሌት ደህንነት ደረጃ የሚያዘው የፔዳል ፍተሻ በ1,200 ኒውተን፣ ማለትም በ120 ኪሎ ግድም፣ 100,000 ጊዜ እየደጋገመ ይረግጠዋል። እቤት ውስጥ ያንን ማሽን የሚያገኝ ሰው ስለሌለ፣ የመጀመሪያውን ቱቦ ሰብሮ ማየት የማይዘለል ሥራ ነው።