«ብራይት» ድምፅ ምንድን ነው?

ስፒከር ወይም ሄድፎን «ብራይት ነው» ከተባለ ቀጫጭኑን ድምፅ ከቤዙና ከመሃሉ አብልጦ ያወጣል ማለት ነው። ጆሯችን ከሁሉ ይልቅ ንቁ የሆነው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ባለው ክልል ስለሆነ እዚያ ትንሽ ሲበዛ ድምፁ ይወጋል። ከዚያ በላይ እስከ 9,000 ገደማ ደግሞ የ«ሰ»ና የ«ጸ» ፉጨት አለ። ዘፋኙ «ሰላም» ሲል «ሰ»ዋ የጋለ ምጣድ ላይ ጠብ እንዳለች ውሃ ጭስስ ካለች፣ የማሲንቆው ዜማ ወደ ኋላ ቀርቶ የጭራው ፍትጊያ ከጎላ፣ ትሪብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) በዝቷል።

ይህ ከጥራት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ጅማ መርካቶ፣ ሱቅ በር ላይ፣ በባጃጅ ጫጫታ መሃል ሁለት ስፒከር አንዳንድ ደቂቃ ሲከፈት የሚያሸንፈው ብራይቱ ነው፤ ጫጫታውን ሰንጥቆ ስለሚወጣ ሻጩም ገዢውም «ክሊር ነው» ይላሉ። ቤት ገብቶ ግን አንድ አልበም ሳያልቅ ጆሮ ይዝላል።

ሪቪውም በዚሁ ያሳስታል። ገምጋሚው የሰማው ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ባለበት ክፍል ከሆነ፣ ያው ስፒከር የሲሚንቶ ወለልና ሰፊ መስኮት ባለው ሳሎን ሌላ ይሆናል፤ ጠንካራ ገጽ ቀጭኑን ድምፅ መልሶ ይወረውራል። ዕድሜ ሲገፋም መጀመሪያ የሚደክመው የከፍተኛው ክልል መስማት ነው፤ አንጋፋው «ለስላሳ» ያለው ወጣቱን ሊወጋው ይችላል። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ቱልና ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት አድማጮች ስፒከሩን እያዩና ሳያዩ የሰጡት ነጥብ ተለያይቷል። ስለዚህ ከቅጽል ይልቅ የመለኪያ ግራፍ የሚያሳይ ሪቪው ይመረጥ። የሄድፎን ግራፍ 3,000 አካባቢ ማበጡ ግን ጉድለት አይደለም፤ የጆሮ ቀዳዳ በተፈጥሮው እዚያ ስለሚያጎላ ሄድፎኑ ያንን መተካት አለበት።

ሲገዙ በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን ይዘው ይሂዱ፣ የሚያወዳድሯቸውን የሁለቱንም ስፒከሮች ድምፅ እኩል ያድርጉ (ከፍ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል)፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያዳምጡ። የሚወጋው አንድ ዘፈን ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የቀረጻው ነው። ሁሉም ከወጋ መጀመሪያ የትሪብሉን ማስተካከያ ይመልከቱ፦ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከፍ ተደርጎ ሲያባራ የሚረሳ ብዙ ነው። ቀጥሎ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ፊት ለፊት ጆሮን እንዳያይ ስፒከሩን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያዙሩት፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ። ካልበቃ በኢኩዋላይዘር (እያንዳንዱን የድምፅ ክልል ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ) ከ6,000 እስከ 8,000 ኸርዝ ያለውን 2 ወይም 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይቀንሱ። 6 ዴሲቤል ተቀንሶም የሚወጋ ከሆነ ስፒከሩን መቀየር ይሻላል።